በስምንተኛው ዙር የወጣ ቃል

በፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቴልማን ከተማ ከአሥራ ሁለቱ የብረት ፋብሪካ ጭስ መውጫዎች የሚጨሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ሥራ ፈትተው በየመንገዱ ጥግ ይቆማሉ፤ «ቀጥቃጮቹ» የሚባለው የከተማይቱ የቤዝቦል ቡድንም ከሊጉ ስምንት ቡድኖች ስምንተኛ ሆኖ ከርሟል። ክፉ ዘመን ነበር፤ ሆኖም የቴልማን ሰው ዳቦው ባነሰ ቁጥር ስለ ኳስ የሚከራከርበት ምላሱ ይሳል ነበር እንጂ አልዶለዶመም።

የክርክሩ ሸንጎ የሚስተር ኦገስት ፍሊክ ፀጉር ቤት ነበር። ሚስተር ፍሊክ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ቀኝ ክንዱን ግን ከትከሻው በላይ ማንሳት የማይችል ሰው ነው። በወጣትነቱ የቀጥቃጮቹ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስምንት፣ ሰኔ ወር፣ ዘጠኙን ዙር ሙሉ አንድም ምት ሳይሰጥ፣ አንድም መቺ ኳሱን መትቶ ሳይሳካለት ጨረሰ። ቡድኑ ከተቋቋመ ጀምሮ ይህን የሠራ ሌላ ሰው የለም። በዚያው ዓመት ክንዱ ተበላሸ፤ ከዕድሜው ሁሉ የቀረችው ያች አንዲት ከሰዓት ሆነች፤ እርሷን የሚናገረው ጋዜጣም ተቆርጦ፣ ወይቦ፣ በመስታወቱ ጥግ ተለጥፏል።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሥጋ ሻጩ ኮርኒ ማንንም ሳያስፈቅድ ከወየበው ጋዜጣ አጠገብ አዲስ ፎቶግራፍ ለጠፈ፤ የቨርጅል ታኬትን፣ ከኬንታኪ ተራራ የመጣውን የሃያ ዓመት ወርዋሪ። ሚስተር ፍሊክ አየና ምላጩን መሳል ያዘ። ቀና። ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ ቀና፣ አንጀቱ እስኪያርር ቀና።

«የቡድኑ ባለቤት ኪሱን ካልፈታ ማን ይመጣል?» አለ ኮርኒ ፊቱ ሳሙና እንደ ሆነ። «ጣራው ያፈሳል። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የሚከላከለው ሽማግሌ ጎንበስ ሲል ወገቡ ሲንቋቋ ትሪቡን ድረስ ይሰማል። ቀጥቃጮች ናቸው ተቀጥቃጮች?»

«ከየት አምጥቶ ይፍታ?» አለ ስታሽ፤ ከብረት ማቅለጫው ሥራ የተቀነሰ ፖላንዳዊ ነው። «ሰው ለእርዳታ ሾርባ ተሰልፎ እየዋለ! ከልጆቹ ጀምሮ እንደ ገና መገንባት ነው የሚያዋጣው። ታኬት አለን አይደል? መሠረቱ እሱ ነው።»

«መሠረት!» አለ ሚስተር ፍሊክ። «ይሽጡትና በዋጋው ሦስት የበሰሉ ሰዎች ያምጡበት። ገና ጡት ያልጣለ ልጅ!»

ኮርኒ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን አየው። «ኦገስት፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ፤ የከበደህ ልጁ ነው ፎቶው?»

«ዝም በል፤ ምላጩ ጉሮሮህ ላይ ነው።»

ሁለቱ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ነገሩም የሳቅ አልነበረም፤ ባለቤቱ እስከ መስከረም መባቻ ተመልካች ካልበረከተ ቡድኑን ወደ ሌላ ከተማ እወስዳለሁ ብሎ በጋዜጣ አስነግሯልና።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ከመጀመሪያው ቤዝ ጀርባ ተቀመጡ። አምስት ሺህ ሰው በሚይዘው ሜዳ የገባው ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ቁጥሩን የማውቀው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ነው። ታኬት መወርወር ጀመረ። እስከ አራተኛው ዙር ማንም ልብ አላለም፤ በስድስተኛው ኮርኒ ኦቾሎኒ መቆርጠሙን ተወ፤ በሰባተኛው ትሪቡኑ በሙሉ ጸጥ አለ።

የቤዝቦል ሰው ይህን ጸጥታ ያውቀዋል። ወርዋሪው ምት ሳይሰጥ ሲዘልቅ ጓደኞቹ አጠገቡ አይቀመጡም፤ ተመልካቹም ነገሩን በስሙ አይጠራም፤ ከጠሩት ሟርት ነው፣ ይከሽፋል።

«በሚመጣው ሳምንት ወንበር አይገኝም፤» አለ ኮርኒ በሹክሹክታ። «ከተማው ግልብጥ ብሎ ይመጣል።»

«አፍህን!» አለው ስታሽ።

«ምን አልኩ? ስለ ወንበር ነው ያወራሁት!»

በስምንተኛው ዙር ታኬት ሁለት መቺ ከጨዋታ አስወጣ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ የቀሩት አራት መቺዎች ብቻ ነበሩ። ሚስተር ፍሊክ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል። የታየው መስታወቱ ነው፤ ነገ አዲስ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ ከነገ ወዲያ የወየበውን ማን ያነባል? «ፍሊክም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ነበር» ይባላል፤ «ፍሊክም»! በዓለም ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ልትወስድብኝ? አለ በልቡ። ከዚያ ሳያስበው ብድግ አለ።

«ታኬት! እስካሁን አንድም ምት አልሰጠህም እኮ! አውቀኸዋል?»

ሜዳው ባዶ ነውና ድምፁ ወርዋሪው የቆመበት ጉብታ ድረስ ደረሰ። ልጁ ዘወር አለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ወረወረ። መቺው አገኛት፤ ኳሷም በሁለት ተከላካዮች መካከል ሣሩ ላይ አረፈች። ሌላ ምት በዚያ ቀን አልተመታበትም፤ ያች አንዲት ብቻ ነበረች።

ኮርኒ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ስታሽ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ያንተ ጨዋታ ጊዜ» አለ፣ «የዚህን ለፍላፊ አፍ በእጄ አፍኜ ይዤው ነበር። አራት ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠልህ፣ ኦገስት። አራት ሺህ ሰው!»

ባዶ ወንበር ሞልቶ ተርፏልና ከአሥር ረድፍ በላይ ሄዶ ብቻውን ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሩን ሌላ ዘንድ ተቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት ታኬት ራሱ ጢሙን ሊላጭ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ። ወንበሩ ላይ ሆኖ የወየበውን ጋዜጣ ሲያይ ቆየ፤ አጠገቡ የተለጠፈውን የራሱን ፎቶግራፍ ዓይቶ አፈረ።

«ሚስተር ፍሊክ፣ ጌታዬ፣ ልጠይቅዎ? አባቴ የእርስዎን ጨዋታ ሲያወራልን ነው ያደግሁት። እንዴት ቻሉት? እኔ በስምንተኛው ላይ አንድ ሰካራም ከትሪቡን ጮኸና ሐሳቤ ተበተነ። ሰበብ ማብዛቴ አይደለም፤ እርስዎ ቢሆኑ ግን አይበገሩም ነበር።»

ሚስተር ፍሊክ በዕድሜው መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ምላጩን ከልጁ ጉንጭ ላይ አንሥቶ በፎጣ ጠረገ።

«ሰው ዝም ብሎልኝ ነው፤» አለ።

ታኬት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሊከፍል ቢልም ሚስተር ፍሊክ አልቀበልም አለ።

መስከረም ሳይጋመስ ባለቤቱ ታኬትን ለአንድ የምሥራቅ ሀብታም ቡድን ሸጠው፤ በመጸው ቀጥቃጮቹ ከነማልያቸው ወደ ሌላ ከተማ ተጋዙ፤ ሜዳው የጣውላ መጋዘን ሆነ። ያ ጨዋታ ቢሳካ ኖሮ ከተማው ይመጣ ነበር ወይ፣ ቡድኑስ ይተርፍ ነበር ወይ፣ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ አልልም። ኮርኒ እስኪሞት ድረስ ይተርፍ ነበር ይል ነበር።

የአውራጃው የታሪክ መዝገብ ዛሬም በቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ቡድኑ በቆየበት አርባ ዓመት ውስጥ አንድም ምት ሳይሰጥ ጨዋታ የጨረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ኦገስት ፍሊክ፣ ሰኔ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስምንት፣ ይላል። እውነት ነው፤ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። በመጀመሪያው ጨዋታ ዝም ያሉት አራት ሺህ ሰዎች ግን ስማቸው አልተጻፈም፤ በሁለተኛው የተናገረው አንድ ሰውም መናገሩ አልተጻፈም።