አልዘጋም ያለው በር

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር የሞቱት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ በራቸው ሥር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከመንገድ አደጋ ተርፈው በመኪና ማቆሚያቸው ደፍ ላይ መቅረታቸውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ «ምን ዓይነት ዕጣ ነው!» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ማን ዘጋባቸው?» ብሎ ጠየቀ። የሠፈሩ ፖሊስ አዛዥ መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ልጃቸው ነው አለ፤ አስሮም ወሰደው።

ወንፊት የተጠራችው ከዚያ በኋላ ነበር። በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሌላው መርማሪ ያሳለፈውን እሷ ስለምታስቀር ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም ለምዳዋለች።

አዛዡ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። «ጎረቤት በዓይኑ አይቷል» አላት። «አባትየው በሩ ተጭኗቸው ወድቀዋል፤ ልጅየው ሪሞቱን ይዞ ደጅ ቆሟል። ጠዋት ደግሞ ተጣልተዋል። የመኪናውን ቁልፍ ነጥቆ ‹ከእንግዲህ መንዳት የለም› ብሏቸዋል። መዝገቡን ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በሩን» አለች ወንፊት።

አስከሬኑ ተነስቷል። የመኪና ማቆሚያውን ክፍል አሮጌ መኪና ሞልቶታል። ከቤት ወደዚህ በምታወጣው ትንሽ በር አጠገብ የቆመ ሰው፣ በመኪናው ምክንያት የትልቁን በር ደፍ ማየት አይችልም። ትልቁ በር በሞተር እየተጎተተ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ነው። ከግራና ከቀኝ፣ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው ሁለት ጥቁር የሴንሰር ዓይኖች ተፋጠዋል። በመሐላቸው ሰው ወይም ዕቃ ካለ በሩ አይወርድም፤ መውረድ ጀምሮ ቢሆንም ይመለሳል።

አንደኛው ዓይን አቧራ ለብሷል። ሌላው ተወልውሎ ያበራል፤ የያዘው ብሎን ላልቷል፤ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅና ትንሽ ካቻቢቴ ወድቀዋል። ወንፊት እነዚህን አይታ ወደ ትንሿ በር ተመለሰች። የበሩ ማዘዣ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተገጥሟል። ላዩ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነጥቦ ቀርቷል።

ባዶ ካርቶን በሁለቱ ዓይኖች መሐል አስቀመጠችና ከልጁ የተያዘውን ሪሞት ይዛ ደጅ ወጣች። ተጫነች፤ በሩ ንቅንቅ አላለም፤ የሞተሩ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም አለ። ደጋግማ ብትጫን ያው ነው። ገብታ የግድግዳውን ቁልፍ ነካ አደረገችው፤ አሁንም እምቢ አለ። ጣቷን ሳታነሳ ይዛ ስትቆይ ግን በሩ እያጉረመረመ ወረደና ካርቶኑን ጨፍልቆ ቆመ። 

በር ገጣሚው ተጠርቶ መጣ። ሳይጠየቅ ነበር መማል የጀመረው።

«እኔ ስገጥመው እንዲህ አልነበረም! አንድ ነገር ገና ነካ ሲያደርገው ይመለስ ነበር፤ እንጨት አጋድሜ አሳይቻቸዋለሁ። አሁን የሞተሩን የመጫን ጉልበት የሚወስነውን ብሎን አንድ ሰው ጥርቅም አድርጎ አጥብቆታል። እኔ አይደለሁም!»

«ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ለምን ዓይኑን ይንቃል?»

«ዓይኑ የተበላሸ ዕለት በሩ ተከፍቶ እንዳያድር ነዋ። ግን የሚይዘው ሰው በሩን እያየ መሆን አለበት።»

«ቁልፉን ከፍ አድርገህ የገጠምከውስ ለምንድን ነው?»

«ልጅ እንዳይደርስበት።»

የሟች ሴት ልጅ ክፍሏ ውስጥ ሕፃን ልጇን አስተኝታ፣ ዓይኗ ደም ለብሶ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ ነው» አለች ገና ወንፊት ሳትቀመጥ። «ጠዋት የተናገረውን ሰምቻለሁ። ሽማግሌን እንደዚያ ያዋርዳሉ? አይለቀቅ!»

«ያኔ አንቺ የት ነበርሽ?»

«መታጠቢያ ቤት፤ ልጄን እያጠብኩ። ወገቤን ስለሚያመኝ ሳፋውን በርጩማው ላይ አስቀምጬ።»

«በሩ አስቸግሯችሁ ያውቃል?»

«እሱ መቼ ያላስቸገረን ጊዜ አለ ብለሽ! መኪናው አንዱን ዓይን ከገጨው ወዲህ በባዶ ሜዳ አልዘጋም ይላል። ሁላችንም የግድግዳውን ቁልፍ ተጭነን ይዘን ነው የምንዘጋው። አባዬ ብቻ ‹ልጁ መዳህ ጀምሯል፣ ይሠራ› ሲል ነበር።»

የሟች ሚስት አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። አጭር፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። «ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም» አሉ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ልጅዎ አልገደላቸውም። ደጅ ያለ ሰው ያን በር ሊዘጋው አይችልም።»

ወንፊት እንዲህ ያለ ቃል ለብዙ እናቶች ነግራለች። የሚያለቅሱ ነበሩ፤ እግሯ ላይ የሚወድቁም ነበሩ። እኚህ ግን ፊታቸው ይብስ ጨለመ።

«በቃ ተይው» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ሙች፣ ተይው። ሆድ ይፍጀው።»

«ያለ ጥፋቱ ይታሰራል እኮ!»

«አውቃለሁ። አንዱን ላውጣ ብል ሌላዋን ልቀብር ነው። ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

 ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይላሉ፤ ሥሩ ተቆፍሮ ሲገኝ የሚያደርሰውን ግን ማንም አይናገርም። ወንፊት መዝገቡን ዘግታ ብትሄድ በወደደች ነበር። አዛዡ ደግሞ ሳሎን ሆኖ ሰዓቱን እያየ ነው።

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ልጅየውን በካቴና አምጥተው ከእህቱ ፊት ለፊት አስቀመጡት። እሷም ፊቷን አዞረች።

«አባታችሁ በሩን ሊሠሩ ነው የወጡት» ብላ ጀመረች ወንፊት። «የተገጨውን ዓይን ወልውለው፣ ብሎኑን አላልተው፣ ደፉ ላይ ተጋድመው ሊያስተካክሉ። መጀመሪያ የሞተሩን ሶኬት መንቀል ነበረባቸው፤ አልነቀሉም። ጆሯቸውም ከባድ ነበር።»

«ይሄን ጊዜ እሱ በሪሞት...» አለ አዛዡ።

«ሪሞቱ አይዘጋውም። ሰውነታቸው ዓይኖቹን ከልሎ ነበር። በሩ የሚወርደው የግድግዳው ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ብቻ ነው። ልጃቸው ደርሶ ሪሞቱን የተጫነው ሊከፍትላቸው ነው። የዘጋው ሰው ቤት ውስጥ ነበር።»

እናት ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ! እኔ ዘጋሁት፤ እኔን እሰሩኝ!»

«እማማ፣ እዚያ ቁልፍ ጋ ይደርሳሉ?»

«በርጩማ ላይ ቆሜ ነዋ! ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምዘጋው።»

«በርጩማው ላይ ሳፋ ነበር» አለች ወንፊት። ድምጿ ዝቅ አለ። «የሕፃኑ ሳፋ።»

 ወንፊት ወደ ሴት ልጅየው ዞረች፤ ስትጠይቃት ልትለምናት ይመስል ነበር።

«ልጁን ስታጥቢ ነፋስ አልገባብሽም?»

«ገብቶ ነበር። ያ በር ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ልጁን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁና...» ቆም አለች። «አልዘጋም አለ። እንደ ልማዱ። ልጁም እየጮኸ ነበር...» ቀኝ እጇን አንስታ ተመለከተችው። «ያዝኩት። እስኪዘጋ ድረስ ያዝኩት።»

«ቁልፉ ላይ የሳሙና አረፋ አለ» አለች ወንፊት። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። በሩ ያን ቀን ሰው አለ ብሎ እውነቱን ተናግሯል፤ ዓመቱን ሙሉ በከንቱ ሰው አለ ሲል ለኖረ በር ግን ማን ጆሮ ይሰጠዋል? ሴት ልጅየዋም መብራት እንደሚያጠፋ ሰው ዘግታ፣ ረስታው፣ ወደ ሳፋዋ ተመልሳለች።

አዛዡ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሳና ካቴናውን ፈታ። «ነፃ ነህ» አለው።

ልጅየው ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። «የሞተሩን ብሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «በሩ በብርድ ጊዜ እየከበደው ግማሽ መንገድ ይቆም ነበር። ባልነካው ኖሮ ገና የአባዬን ደረት ሲነካ ይመለስ ነበር። እሷን አትንኳት፤ እኔ ነኝ።»

«አይደለም፣ እኔ ነኝ!» አሉ እናትየው። «ሲወርድ ሰምቻለሁ። እዚያ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ‹ተዪው› ብዬ ልጠራት አፌን ስከፍት ሞተሩ ቆመ።»

ሦስቱም ጥፋቱን ወደየራሳቸው ሲጎትቱ በር ገጣሚው ቆቡን እያሻሸ መሬት መሬቱን አየ። አዛዡ «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲል ወንፊትን ጠየቃት።

«የሆነውን።»

«ወንጀለኛው ማነው ልበል ታዲያ?»

ወንፊት ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከባዱን እንቆቅልሽ ፈታለች፤ ማንንም ግን አላዳነችም። ሴት ልጅየው ቀና ብላ «ጠርቶኝ ነበር?» አለቻት። «አባዬ፣ በሩ ሲጫነው፣ ስሜን ጠርቶ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ወንፊት። እውነቷን ነበር።

ከውስጥ ክፍል ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። እናቱ ብድግ አለችና የክፍሉ በር ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ሥር ደበቀች። ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ያን ቀን ዓይኑን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንተ አንሳው» አለችው። «እኔ እጄን ፈራሁት።»

ወንድሟ ካቴና የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ገባና ልጁን አነሳው። ሕፃኑ እናቱን አይቶ ወደ እሷ ተንጠራራ፤ እሷ ግን እጇን አላወጣችም።