የግራው ማንገቻ

አኮርዲዮን ተጫዋቹ በግራ ጆሮው አይሰማም የሚለውን ወሬ ያመጣው ጋሼ ነው። ጢሙን ሊላጭ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባና ጢሙን እዚያ ትቶ ወሬውን ይዞ ተመለሰ። ቁርስ ላይ ነገራቸው፤ ደረጃ ሲወርዱ ደገመው፤ ምሳ ሲጠብቁ ለዓሣ ጠባሹ እንደ አዲስ ሊያወራው አፉን ሲከፍት ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ሰውየው እኮ ሙዚቀኛ ነው» አለችው የሚስቱ ታናሽ እህት። «በአንድ ጆሮው የማይሰማ ሙዚቀኛ አላውቅም። በሁለቱም የማይሰማ ሰው ግን አንድ አውቃለሁ፤ እሱም እህቴን አግብቷል።»

ጋሼ አልተቀየመም። ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው፤ አንድን ነገር መቶ ጊዜ ካልደገመው የተናገረው አይመስለውም። ወሬዎቹም እንደ ተማሪዎቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ከተማው በገቡ ማግስት የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ድሮ ቦክሰኛ ነበረች ብሎ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ሆና ተገኘች።

እህትየው የእሱ ተቃራኒ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ በሥራዋ ይሁን በአፏ ማንም ደፍሮ አልነገራትም። አንዴ የተናገረችውን አትደግምም። ደንበኛ «ምን አልሽኝ?» ካላት «ያልኩሽን» ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠይቀዋት ሁለቱም መልሱን በደንብ ስላልሰሙ እንዲደገምላቸው ፈልገው ነበር ይባላል።

ለዕረፍት የመጡት ለስድስት ቀን ነው፤ ወደብ ያላት፣ ጠዋት ጠዋት የባሕር ሽታ በየደረጃው የምትረጭ ከተማ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። የጋሼ ሚስት ነርስ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ በፈረቃ ስለምትሠራ የዕረፍቷን ግማሽ በእንቅልፍ አሳለፈችው። ከምሳ በፊት ብቅ ትልና ሁለት ጉርሻ ጎርሳ፣ ዓይኗ እየተከደነ ተመልሳ ፎቅ ትወጣለች። ልጆቹን ይዘው ከተማውን የሚዞሩት ጋሼና መርፌ ናቸው።

ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ የሰባት ዓመቷ ሚጢና የአራት ዓመቱ ድንቡሼ። አፋቸውን የፈቱት በመርፌ እጅ ነው። መርፌ ታላቅ እህቷን «እትዬ» ስለምትል፣ እነሱም እናታቸውን «እትዬ» አሉ። እናትየው ሆስፒታል ስታድር ያጎረሰቻቸውን፣ ያጠበቻቸውን፣ የስፌት መኪናዋ ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ያስተኛቻቸውን መርፌን ደግሞ «እማዬ» አሉ። ጋሼም ከልጆቹ ለምዶ «እማዬ፣ ውሃ አቀብያቸው» ይላታል። እቤት ውስጥ ይህ ማንንም ግር አይለውም። ችግሩ እቤት ትተውት አለመምጣታቸው ነው።

ምግብ ቤቱ ከማረፊያው ፊት ለፊት ያለ ግቢ ነው፤ የወይን ሐረግ ጥላ፣ የፍም ምድጃ፣ ስድስት የእንጨት ጠረጴዛ። ዓሣው ተጠብሶ ሎሚ ተጨምቆበት ከትኩስ ዳቦ ጋር ይመጣል። ድንቡሼ በመጀመሪያው ቀን ዳቦውን ብቻ በላ፤ በሁለተኛው የዓሣውን ጭራ፤ በሦስተኛው ዓሣው እያየው እንደሆነ ተናግሮ፣ የዓሣውን ዓይን በዳቦ ሸፍኖ ሌላውን ጨረሰ። በምሳ ሰዓት አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላቸው አሮጊት ይዘፍናሉ፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሁልጊዜ አሮጊቷን በቀኙ አስቀምጦ ያጅባቸዋል።

መርፌና ተጫዋቹ የተዋወቁት ማንገቻው ሲበጠስ ነው። ዘፈኑ መሐል ላይ የግራው ማንገቻ ተበጥሶ አኮርዲዮኑ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አለ፤ በጉልበቱ ደገፈው። አሮጊቷ ለብቻቸው መዝፈናቸውን ቀጠሉ። መርፌ ከቦርሳዋ ክርና መርፌ አውጥታ ሄደች።

«ይህን የሰፋው ማነው?» አለች፣ ቆዳውን ገልብጣ እያየች።

«እኔ።»

«ያስታውቃል።»

ሳቀ። ፊቱን በሙሉ ወደ እሷ አዙሮ፣ እንደገና ሳቀ። «አንቺ ከሰፋሽው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ቆዳው ሲያልቅ ስፌቱን ለሌላ ቆዳ ታወርሰዋለህ።»

ክሩን በሁለት አጥፋ በሰም አሸችው፣ ሁለት ረድፍ አድርጋ ሰፋችው። እሱ ቆዳውን ያዘላት፤ ጣቶቻቸው አንድ ጊዜ ተነካኩ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ስፌቱ ላይ ተከሉ። ያኔ ሚጢ ሮጣ መጣችና፣ «እማዬ፣ ድንቡሼ ሎሚውን ዋጠው!» አለች። ሰውየው ልጅቷን አየ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ሎሚው እንዲወጣ የልጁን ጀርባ የሚመታውን ጋሼን አየ። ቆዳውን ለቀቀ።

«ስምሽ ማነው?» አላት ልጅቷን።

«ሚጢ።»

«እንግዲያው አመሰግናለሁ፣ የሚጢ እናት። እጅዎን ይባርከው።»

አንቺ ማለቱን ትቶ እርስዎ ማለቱን መርፌ ሰምታለች። ግን ከልጅቷ ጋር የሚቀልድ መሰላት፤ «የሚጢ እናት» የሚለውንም ወደደችው። ከእሱ አፍ ሲወጣ አዲስ ልብስ እንደ ለበሰ ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ይዛ ወደ እሱ መሄድ ጀመረች። ከግቢው ኋላ ጠባብ ክፍል አለችው፤ የተሰበሩ ጊታሮችና አኮርዲዮኖች ይጠግናል። አኮርዲዮን ከፍቶ ውስጡን አሳያት፤ ድምፅ የሚሰጡት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በሰም ተጣብቀው ተደርድረዋል። አንዷን ምላስ በጥፍሩ ነካ አደረጋትና እንድትሰማ ወደ ጆሮዋ አስጠጋላት። ሰም በእሷም ሥራ እንዳለ ነገረችው። ልብስም ሲሰፉ ዋናው ሥራ ከውስጥ በኩል እንደሆነ፣ ሰው ግን ከውጭ አይቶ እንደሚከፍል ነገረችው። እሱ ሲያዳምጥ እጁ ሥራ ያቆማል፤ ፊቱን መልሶ ከንፈሯን እያየ፣ እስክትጨርስ ዓይኑን አይነቅልም። በሕይወቷ እንዲህ ያዳመጣት ሰው የለም። ደንበኞቿ ሲያወሯት መስታወት ያያሉ፤ ጋሼ የራሱን ተራ ይጠብቃል፤ እህቷ ታንቀላፋለች። ይህ ሰው ግን በፊቱ በሙሉ ይሰማል። መርፌ በአራተኛው ቀን፣ ሚጢ የአኮርዲዮን ቁልፍ እየተጫነች ስታንጫጫ፣ ይህን ፊት ትታ መሄድ እንደማትፈልግ ገባት። በራሷ ተናደደች።

ምሳ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ትጠይቀዋለች፤ የጀልባዋን። ዘፈኑ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ለምትሄድ ጀልባ የሚዘፍነው ነው፤ ደህና ግቢ፣ ነፋሱ ይቅናሽ፣ ይላታል፤ አይከተላትም። አሮጊቷ ቃሉን ሲጨርሱ እሱ ብቻውን ዜማውን ይደግመዋል።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌ የሚጢን ፀጉር እየሠራች ሳለ፣ ልጅቷ እንደ ቀላል ነገር፣ «ሙዚቀኛው ጠየቀኝ» አለቻት።

«ምን ብሎ?»

«አባባ እማዬን ይወዳታል ወይ ብሎ።»

መርፌ ማበጠሪያውን ያዝ አደረገች። «ምን አልሽው?»

«አዎ አልኩት። አባባ እኮ ይወድሻል። ዶሮ ስትጠብሺ በተለይ።»

መርፌ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። «እርስዎ» ያለበትን ቀን፣ የለቀቀውን ቆዳ፣ ጋሼ ጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም የሚልበትን ሁኔታ አንድ በአንድ እንደ ተሳሳተ ስፌት ተረተረችው። ጠያቂው ያገባች ሴት መስላው ነው የጠየቀው። ቢሆንም ጠይቋል። ሰው ግድ የማይሰጠውን ነገር ከሰባት ዓመት ልጅ አይጠይቅም።

ለእህቷ ነገረቻት። እትዬ ከትራሱ ቀና ብላ፣ «ታዲያ ሂጂና ንገሪው» አለች።

«ምን ልበለው? ‹ባል የለኝም› ብዬ እንደ ማስታወቂያ ልለጠፍ?»

«አንዴ በይው። አንዴ ምን ያደርግሻል? ላንቺ አንዴ ይበቃሻል።»

ማግስቱ የመጨረሻው ቀን ነበር። አውቶቡሱ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ጠዋት ወደ ጠባቧ ክፍል ስትሄድ ተዘግታለች፤ ሙጫ ሊገዛ ሄዷል አሏት። ሲመለስ የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ግቢው ሞልቷል፤ ቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄዶ አኮርዲዮኑን አነገበ። ጋሼ ሻንጣ አውርዶ ሰዓቱን ደጋግሞ እየተናገረ ነው።

መርፌ ተነሳች። በቀኙ አሮጊቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ መቆሚያ ያለው በግራው ብቻ ነው። በግራው ቆመች፤ የሰፋችው ማንገቻ ፊቷ አጠገብ ነው። እየተጫወተ ነበር። ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ልጆቹ የእህቴ ናቸው» አለችው። «ሰውየውም የእህቴ ባል ነው። እኔ አላገባሁም። አውቶቡሱ በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ቀና አለች። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይሮጣል። እሱ ጥላዋን አይቶ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ፈገግ አለ፤ ያማረ፣ ትንሽ ያዘነ ፈገግታ ነበር፤ ራሱንም እሺ እንደሚል ሰው ነቀነቀ። ጣቶቹ አላቆሙም። ለአሮጊቷ አንድ ነገር ሹክ አላቸውና የያዘውን ዜማ ትቶ ወደ ሌላ ተሻገረ።

የጀልባዋ ዘፈን ነበር። ደህና ግቢ፣ ነፋሱ ይቅናሽ።

መርፌ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። መልስ ከዚህ በላይ ግልጽ አይሆንም፤ ጨዋነትም አለበት፤ ሰው ፊት አላሳፈራትም። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ የድንቡሼን አፍ ጠረገች። እትዬ በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ነገርኩት» አለች መርፌ።

«እና?»

«ሰማኝ።»

እትዬ እኔ እንደገና ልንገረው ብላ ልትነሳ ሞከረች። መርፌ በአንድ እጇ ሻንጣ አነሳች፣ በሌላው ድንቡሼን ያዘች። አውቶቡስ ተራ ቀድመው ደረሱ። ጋሼ ስለ ሞተሩ ድምፅ ለሹፌሩ ምክር ሲሰጥ፣ መርፌ ከመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት መረጠች፤ ለአየሩ ነው አለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ከሩብም ሆነ፤ አንዲት ተሳፋሪ ዘግይታ ነበር። ከዚያ አውቶቡሱ ሄደ።

ስምንት ዓመት አለፈ። መርፌ አሁን የራሷ ሱቅ አላት፤ ሦስት ሠራተኛ፣ የማይጮህ ባል፣ በተራዋ የስፌት መኪናው ሥር የምትተኛ ሴት ልጅ። ባሏ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነው፤ ጠርሙስ እንዳይሰበር እንደሚራመድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ሕይወቷ ገባ፤ ቦታውንም ያዘ። ትወደዋለች። ይህንንም አንዴ ነግራዋለች።

ሚጢ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ የመዘምራን ቡድን ጋር ወደዚያች ከተማ ሄዳ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ቀሚሷን ልታሳጥር ሱቅ መጣች። ጋሼም ወንበር ይዞ ጋዜጣ ያነባል። መርፌ ከልጅቷ እግር ሥር ተንበርክካ፣ አፏ ውስጥ እስፒሎ ይዛ ትለካለች።

«እማዬ፣ ያ አኮርዲዮን ተጫዋች አሁንም አለ። አሮጊቷ ሞተዋል፤ የሚዘፍነው ራሱ ነው። ሚስት አለችው፤ ዓሣውን የምትጠብሰው እሷ ናት። ማንገቻው ላይ ስፌትሽ አለ፤ ቆዳውን ሁለት ጊዜ ለውጧል፤ ስፌቱን ግን እንዳንቺው አድርጎ እንደሰፋው ነገረኝ።»

መርፌ ጫፉን አጠፈች፣ እስፒሎ ሰካች።

«መጀመሪያ ስጠራው አልሰማኝም። በግራ በኩል ቆሜ እየለፈለፍኩ፤ ለካ ረስቼው ነው። ‹በዚህ በኩል፣ ልጄ፤ ያኛው ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም› አለኝ። ትንሽ ሆኜም እኮ እንደዚሁ ብሎኝ ነበር።»

ጋሼ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «አላልኩም?» አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለው እግዜር ይቁጠረው።

መርፌ እስፒሎዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፤ የእስፒሎ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ብለሃል፣ ጋሼ» አለች። ከዚያም ልጅቷን፣ «ዙሪ» አለቻት፤ የቀሚሱን ጀርባ ለማየት።

ሚጢ ዞረች። «ሰላም በያት ብሎኛል» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች። «‹በመጨረሻው ቀን አጠገቤ መጥታ የጀልባዋን ዘፈን ተጫወትልኝ አለችኝ፤ ሳትሰማው ባለመሄዷ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል› አለ።»