ሁለተኛው ቺንጋ

ስማራንዳ የመኪናውን ኮፈን ከፍታ አየች። ፈትቻለሁ ያለችው ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የማራገቢያው ክንፍ ታጥፎ ራዲያተሩን ሸርክቶታል። መኪናውን በትራክተር ጎትተው ግቢ ካስገቡት ወዲህ ይህን ኮፈን የነካው ሰው የለም፤ አባቷ ቶአደር ዞር ብሎ ማየትም አስጠልቶታል።

ከካርፓቲያን ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ጀምሮ መንደርተኛው ወንዙን የሚሻገረው በመኪና ነው። ቺንጋው ካልተፈታ ማራገቢያው ውሃ ውስጥ ይዞርና ታጥፎ ራዲያተሩን ይበሳል። ስለዚህ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ወርዶ ይፈታና ሹፌሩ አንገት ላይ ያጠልቀዋል፤ ማዶ ሲደርሱ መልሶ ማሰሩን እንዳይረሳ። ይህን ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም ያውቃል።

መኪናው የተሰበረ ዕለት ጎረቤታቸው እማማ ሳፍታ ሐኪም ቤት ሊወሰዱ ከኋላ ተኝተው፣ ደረታቸውን ይዘው ያቃስቱ ነበር። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ስማራንዳ ወርዳ ብትታገልም የቺንጋው ብሎን እንቢ አላት፤ ጣቶቿ ደነዘዙ።

«ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ ፈታሽው?» አለ አባቷ።

«ፈትቻለሁ።»

ከመቀመጫው ሥር ትርፉን ቺንጋ አውጥታ አጠለቀችለት። ለአንድ ጊዜ ምን ይሆናል ብላ። ወይ አንድ ጊዜ!

መኪናው ማዶ እንደወጣ በእንፋሎት ታፍኖ ቆመ። አባቷ እማማ ሳፍታን በጀርባው አዝሎ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

«ፈጥኜ ነድቼ ነው» ይላል እሱ። መንደሩ ደግሞ «ጠጥቶ ነው» ይላል። ትምህርት ቤት «የሰካራሙ ልጅ» ሲሏት ስማራንዳ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

ዛሬ የእማማ ሳፍታ አርባ ነው። በደረቅ ጣት ብሎኑ ወዲያው ላላ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ቺንጋውን አወጣችው። ወንዙ ከጓሮው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ወርውራው ብትመለስ የሚያውቅ የለም።

«ስማራንዳ፣ የት ገባሽ?» አባቷ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ በማር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዞ ወጣ። «ነይ እንሂድ። ዛሬ አባባ ኮስታኬ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሚስታቸውን የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ።»

«ይቅር ባይሉህስ?»

«እውነታቸውን ነዋ።»

ያን ቀን አንገቱ ላይ የነበረው ቺንጋ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ስማራንዳ ትንሽ አየችው። ከዚያ የያዘችውን፣ ግሪስ የጠጣውን ቺንጋ በራሷ አንገት አጠለቀችና ወደ አባቷ ሄደች።

ቶአደር አንገቷን አየ፤ ዞሮ ሚስማሩን አየ። ቺንጋው ሁለት ነው።

«አባዬ» አለች፣ «አባባ ኮስታኬ ቤት ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።»