ጎሚ በሠርጋችን ቀን

ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ደም በደም ሆኖ ነው። ደሙ የእሱ አልነበረም። ቢሆንም አንዲት ልጃገረድ የወደፊት ባሏን እንዲህ ሆኖ ማየት ያለባት አይመስለኝም።

ያን ቀን ከታላቅ ወንድሜ ከቻንጊል ጋር ስኳር ድንች እናወጣ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ እሱ ነው። እሱ ይቆፍራል፣ እኔ እለቅማለሁ። በእኛ ደሴት፣ በጂንዶ፣ ድንች ሲደርስ የዱር አሳማ ከጫካ ይወርዳል፤ ያ ግን በራሱ የወረደ አልነበረም። ከኋላው ውሻ እያሳደደው፣ ክራንቻውን አግጥጦ፣ አብዶ ነው ከቁጥቋጦው የወጣው።

«ወንድም ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘወር ስል ወንድም ጋሼ የለም። ዶማውን ጥሎ ትራክተሩ ጣሪያ ላይ ወጥቷል።

እኔ ቅርጫቴን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። አሳማው ሊደርስብኝ ትንሽ ሲቀረው ስታሳድደው የነበረችው ነጭ ውሻ ከጎን ተወርውራ ጆሮው ላይ ተጣበቀች። አንስቶ መሬት ላይ አላተማት፤ አልለቀቀችም። በክራንቻው ጎኗን ቀደዳት፤ ድምፁ የጨርቅ መቀደድ ይመስል ነበር። አሁንም አልለቀቀችም። አንድ ረጅም ወጣት እየሮጠ ደረሰና አሳማው ላይ ወድቆ ቢላዋውን እስከ እጀታው ከብብቱ ሥር ሰካበት። ትኩስ ደም ፊቴ ላይ ተረጨ። አሳማው ሲያጓራ፣ ሰውየው ሲሳደብ፣ ሦስቱም ድንቼ ላይ ሲንከባለሉ ቆዩና አሳማው ጸጥ አለ።

ሰውየው ተነሥቶ መጀመሪያ ያየው እኔን አልነበረም፤ ውሻዋን ነው።

«ጎሚ፣ አይዞሽ። አይዞሽ የኔ እመቤት» እያለ ቁስሏን በመዳፉ ያዘላት። ከዚያ ቀና አለ። «አንቺስ ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም።»

«ታዲያ ቅርጫቱን ለምን አታስቀምጪውም?»

ለካ ጥፍሬ እስኪሰበር ጨምቄ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ሻሼን ፈትቼ የውሻዋን ጎን አብረን አሰርንላት። ቋጠሮው ላይ እጃችን ተነካካ፤ እሱም እጁን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ትራክተሩ ቀና ብሎ አየ። ወንድሜ ገና ጣሪያው ላይ ነበር። ለአፍታ ተያዩ። ሙንሶክ፣ ስሙ ይኸው ነው፣ ዓይኑን መለሰና ምንም አላለም። ወንድሜ ይህን ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላው።

ሙንሶክ ከኮረብታው ማዶ ብቻውን ነበር የሚኖረው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱንም እናቱንም አንድ ማዕበል ወስዶበት፣ ያሳደጉት ሽማግሌ አዳኝም ሞተው፣ የቀረችው ጎሚ ብቻ ነች። እኔ ደግሞ ቁስለኛ መጠየቅ አበዛሁ።

«ዛሬም ጎሚን ልትጠይቂ ነው?» ይለኛል በር ላይ ቆሞ።

«አዎ።»

«ድናለች እኮ። ትናንት ጥንቸል ይዛ መጥታለች።»

«መዳኗን በዓይኔ ላረጋግጥ።»

«እስከ መቼ ነው የምታረጋግጪው?»

«እስኪሰለቸኝ።»

ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ጎሚ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታይና በመካከላችን ትተኛለች፤ ያቺን ዝምታ ዛሬም ስናፍቃት እኖራለሁ።

ወንድሜ ሲሰማ ገበያ መሃል ጠበቀው። ዓሣ ሻጮቹ ፊት በቡጢ አፉን ብሎ አንድ ጥርሱን አወለቀው፤ ሲወድቅ ደግሞ ጎኑን ረገጠው። ሙንሶክ አልመለሰለትም። ደሙን ተፍቶ የጎሚን አንገት አንቆ ይዞ ቁጭ አለ፤ ቢለቃት ወንድሜን ትዘነጥለው ነበር።

«አንተ ወንድ አይደለህም? አትመታውም?» አልኩት በኋላ፣ አፉን በጨው ውሃ እያጠብኩለት።

«ወንድምሽ ነው።»

«ወንድሜ ስለሆነ እኔ መትቼልሃለሁ። ቅልጥሙን በጫማዬ።»

«አመመው?»

«እያነከሰ ነው።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ደም ወረደው። እወድሃለሁ ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ አፉ ጨው በጨው ሆኖ መመለስ ስላቃተው ግንባሬን በግንባሩ ነካው።

ጋብቻውን የወሰነችው እናቴ ናት። «ልጄን ከአሳማ አፍ ያወጣት ሰው እያለ ለማን ልስጥልህ?» ብላ ወንድሜን ዝም አሰኘችው። እሱም ጥርሱን ነክሶ አንድ ነገር ለመነ፤ ያቺ ውሻ ሠርጉ ላይ ድርሽ እንዳትል።

«ዝዩን ማን ሊያመጣልኝ ነው ታዲያ?» አለ ሙንሶክ።

በእኛ ሠርግ የእንጨት ዝይ ይዞ ከሙሽራው ፊት የሚሄድ ሰው አለ። ዝዩ ለሙሽሪት እናት ሲሰጥ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ዝይ ያዡ ለሙሽራው የቅርብ የሚባለው ሰው መሆን አለበት።

«ጓደኛ የለህም?» አለው ወንድሜ።

«አለኝ። እሷ ናት።»

«ውሻ ናት!»

«አውቃለሁ። ውሻ መሆኗን አልደበቅሁህም።»

እናቴ በቀሚሷ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ታምጣው» አለች። «ዝዩን ታስረክብና ከጓሮ ትታሰር።» ሙንሶክ እጅ ነሥቶ «አመሰግናለሁ፣ እመቤት» አላት። እናቴ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። ሌላው አማች እናቱን እንደሚጠራ አማቱን እማማ ይላል፤ እሱ ግን ቃሉ ከአፉ አይወጣም። ካምስት ዓመቱ ወዲህ ለማንም ብሎት አያውቅም።

የሠርጉ ዕለት ጎሚ አንገቷ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሐር ታስሮላት፣ ዝዩን በአፏ ይዛ፣ ጭራዋን እንደ ጠቀለለች ከሙሽራው ፊት ገባች። ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

«ከመንደሩ ወንድ ሁሉ ታጥባ የመጣችው እሷ ብቻ ናት!» አለች አንዷ ጎረቤታችን።

ጎሚ ግራ ቀኝ ሳታይ ሄዳ ዝዩን እናቴ ቀሚስ ላይ አስቀመጠች። ክንፉ ላይ ጥርሷ ታትሟል። እናቴ እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ሙንሶክ አየኝ፤ በሙሽራ ወግ ጉንጬ ላይ በተቀባው ቀይ ነጠብጣብ ሊስቅ ፈልጎ ዓይኑ እንባ ሞላ። የዚያን ቀን ደስታዬ ያቺው ደቂቃ ነበረች። አንዳችን ለሌላችን ሰገድን፣ ጽዋ ተቀባበልን፣ ጎሚን ወስደው ከጓሮ አሰሯት።

ከዚያ ግርፋቱ መጣ። ሙሽራ ልጃገረድ የሰረቀ ሌባ ነውና የሙሽሪት ወገኖች ያስተኙትና እግሮቹን በመቀነት አስረው ወደ ላይ ያነሡታል፤ የውስጥ እግሩን በደረቀ ዓሣ እየመቱ ይመረምሩታል። ጨዋታ ነው። ሙሽራው «እማማ፣ አድኚኝ!» ብሎ ይጮኻል፣ አማት ሥጋና አረቄ ይዛ ትወጣለች፣ ድብደባው ያበቃል። ሳትጠራ ከወጣች ግን አማቿን ፈሪ ብላ እንደ ሰደበችው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት ይኖራል።

እናቴ የሥጋውን ገበታ በሁለት እጇ ይዛ ከበሩ ኋላ አጠገቤ ቆማለች። እኔ በወረቀት በተለበጠው በራችን ቀዳዳ አያለሁ።

«ተናገር ሌባ! እህታችንን የት አገኘሃት?» አለ ወንድሜ። ቀዩን የጂንዶ አረቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጋተው ነው የዋለው።

«ስኳር ድንች ማሳ ውስጥ።»

ዓሣው አረፈበት። ግቢው ሳቀ።

«ብቻዋን ነበረች?» አለ ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ፣ ምንም ሳያውቅ። «ያን ጊዜ ማን አብሯት ነበር?»

ወንድሜ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሙንሶክ ከመሬቱ ቀና ብሎ አየው።

«አላስታውስም» አለ። «ዓይኔ እሷ ላይ ነበር።»

ሰዉ አጨበጨበ። ወንድሜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ሰድቦት ቢሆን ይሻለው ነበር። የማረውን ሰው ፊት መቻል አቃተው። ዓሣውን ወረወረና ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ እናቴ ስታጥብ ልብስ የምትወቃበትን ዱላ አነሣ።

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ «ኧረ ቻንጊል፣ ዓሣው ሰለቸህ?» እያሉ ሳቁ። ሁለተኛው ላይ ሳቁ ቀነሰ። ቀጥሎ አጥንት ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። መቀነቱ በደም ራሰ። እግሩን የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ የቤቱ አዛዥ ነውና ማንም ደፍሮ አላስጣለውም። ሙንሶክ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ።

«ይጥራኝ እንጂ!» አለች እናቴ። «ምን ይጠብቃል ይሄ ልጅ? ይጥራኝ!»

«አይችልም» አልኳት። «እማማ፣ እሱ ቃሉን ማውጣት አይችልም።»

ጎሚ አልጮኸችም። የተበጠሰ ገመድ እየጎተተች ከጓሮ መጣችና ዱላ የያዘውን የእጅ አንጓ ነከሰች። ወንድሜ እየጮኸ ወደቀ። ጓደኞቹ በበርጩማ ጀርባዋን ደበደቧት፤ አሳማውን እንደያዘችው ያዘችው። ደም ነጩን ጸጉሯን አለበሰው።

«ጎሚ፣ ልቀቂ!» አለ ሙንሶክ።

ወዲያው ለቀቀች። የታሰረው እግሩ ዘንድ ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ወንድሜ በግራ እጁ ከእንጨቱ ክምር መጥረቢያ አነሣ።

«ይህቺ ውሻ ሳትሞት እህቴ ከዚህ ደጅ አትወጣም!» አለ። «ሰማችሁ? ጋብቻ የለም!»

በሩን በርግጄ ወጣሁ፤ የሙሽራ ቀሚሴ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ደረጃው ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ጎሚ መጥረቢያውን እያየች አልተነቃነቀችም። ከሄደች ሙንሶክ ያለ ጋሻ ይቀራል፤ ከቆመች ትሞታለች። ሙንሶክ ሊነሣ ሞከረ፣ የተሰበረው እግሩ ጣለው። መጥረቢያው ወደ ላይ ወጣ።

«እማማ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከሙንሶክም ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

«እማማ፣ አድኚን!»

እናቴ በባዶ እግሯ፣ ገበታውን እንደ ያዘች፣ ከመጥረቢያው ሥር ገባች።

«ተጠርቻለሁ» አለች። «ድብደባው አበቃ።»

«እጄን በልታዋለች እኮ፣ እማማ!»

«ዱላዬን አንሣ ያለህ ማነው?»

መጥረቢያው ከወንድሜ እጅ ወደቀ፤ እሱም አብሮ ተቀመጠ። ደሙ በጣቶቹ ላይ እየተንጠባጠበ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ ሙንሶክን። «እሷን ጥዬ ትራክተር ላይ እንደ ወጣሁ ለምን አልነገርካቸውም?» መንደሩ ሁሉ ሰማው።

«ማንም ሰው ይሸሻል» አለ ሙንሶክ። «ጎሚ ባትቀድመኝ እኔም የምሸሽ ይመስለኛል።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ጓደኞቹ እጁን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ሐኪም ወሰዱት። እኔ የመቀነቱን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁ። ሙንሶክ ጉንጬን ነካ፤ ቀዩ ቀለም ጣቱ ላይ ቀረ።

«ሸሽተሽ አትሄጂም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ወዴት? ባሌ መራመድ አይችልም።»

እናቴ ከገበታው ትልቁን ሥጋ አንሥታ መጀመሪያ ለጎሚ ሰጠቻት። ቀጥላ ሌላውን በጎመን ቅጠል ጠቅልላ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ወደ ሙንሶክ አፍ አቀረበች፤ ግን አላጎረሰችውም።

«ቅድም ምን አልከኝ?»

ሙንሶክ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እማማ።»

«አልሰማሁም።»

«እማማ» አላት ደግሞ፣ እንባው እየወረደ።

እናቴ አጎረሰችው። ሳያላምጥ፣ አፉ እንደ ሞላ፣ ማንም ሳይጠይቀው እንደገና ጠራት።