የተቃናው ጥለት

በረኛዋ ጠጅቱ ከእንግዳ ማረፊያው የኋላ ግንብ ማዶ፣ ተቆፍሮ በቀረ የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ በጀርባዋ ተኝታለች። በኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ቱታ ላይ ነጠላ ደርባለች፤ ነጠላው ደረቷ ላይ ተቋጥሯል፤ ጥለቱ እንደ ወጉ ወደ ታች ወርዷል። ዓይኖቿ ተከድነዋል። ወድቆ የሞተ ሰው ደግሞ ዓይኑን ራሱ አይከድንም።

የሱሉልታ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር በቀለች ወደ ስፍራው በእግሯ ነው የመጣችው። ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ማስተር ፕላኑን የተቃወሙ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ዘግተውታል፤ እንኳን የፖሊስ መኪና አህያም ሳትጠየቅ አታልፍም። ለአንድ ቀን ልምምድ ከከተማ የወጡት የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችም እዚሁ ተዘግቶባቸው ቀሩ። እናም በጥሎ ማለፍ ሊፋለሙ የተቀጣጠሩ ሁለት አገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ፣ ከአንድ ድስት በሉ፣ አንዷን ሜዳ በገመድ ከፍለው አንዱ የሌላውን ፍጹም ቅጣት ምት በመስኮት ሲሰልል ሰነበተ። ከሁሉ የተሻለው ሰላይ ወጥ ሠሪው ነበር ይባላል፤ ለሁለቱም ወገን ስለሚሠራ።

የኢትዮጵያ ቡድን መሪ አቶ አበራ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። እጁ ነጭ ጋዝ ይሸታል።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን በሰላም ደረሱ። ማንም አልነካትም። የበሩ ቁልፍ ከትናንት ጀምሮ ከኪሴ አልወጣም። ጠዋት በግንቡ ላይ አሻግሬ ሳያት ነው እርስዎን ያስጠራሁት። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሰው፣ ድመት አላስወጣሁም።»

«ዘበኛውስ?»

«ረብሻው ሲጀመር ወደ ልጆቹ ሄደ። አሁን መሪም እኔ፣ ዘበኛም እኔ ነኝ።»

«ሌሊት የሰሙት ነገር አለ?»

«ምንም! ክፍሌ ያውና፣ በሩን ተደግፎ። ዝንብ ብታልፍ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው የሞተችው ይላሉ?»

«ተገፍታ ነዋ» አለ አቶ አበራ፤ ቀጥሎም አሰላለፍ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንደኛ፣ የኬንያዋ በረኛ አኪኒ። ትናንት ሜዳ ላይ ሰው እያየ ተገፋፍተዋል፤ የጠጅቱ ጓንት ደግሞ ከአኪኒ ሻንጣ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ ከውጭ ያሉት ሁከት ፈጣሪዎች። እኔ አኪኒ ትሻላለች ባይ ነኝ። ሁለተኛውን ከጻፍን ጉዳዩ ብዙ ቢሮ ይዞራል።»

«እኔስ ምርጫ አለኝ?»

«መንገዱ እንደተከፈተ የፌዴራል መኪና ይመጣል፤ አኪኒን ይዘዋት ይሄዳሉ። ከእርስዎ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።»

በቀለች በሩን አስከፍታ፣ ግንቡን ዞራ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ጉድጓዱ በግንቡ በኩል ገደል ነው፤ በመንገዱ በኩል ግን የገልባጭ መኪና መግቢያ ስላለው በእግር ይወረዳል። ከታች ሆና ቀና ብላ አየች። ከግቢው ወደዚህ መዝለል ይቻላል። ከዚህ ወደ ግቢው ግን፣ ክንፍ ከሌለ በስተቀር፣ መመለሻው በበሩ ብቻ ነው።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የልጅቷ ማጅራት ተፈንክቷል፤ ድንጋዩ ላይ ደም ደርቋል። አንገቷን የከበበው ነጠላ ግን እንደ አዲስ ነጭ ነው። ደሙ ያለው ጥለቱ ላይ፣ ጉልበቷ ዘንድ ነው። ጉልበቷ ላይ ደግሞ ጭረት እንኳ የለም። መዳፎቿን ገልብጣ አየች፤ ሁለቱም አረንጓዴ ቀለም ነክቷቸዋል።

«አዬ ልጄን» አለች በቀለች ቀስ ብላ።

ስትመለስ በሩ ዘንድ ቆመች። ብረቱ ትናንት ከሰዓት አረንጓዴ የተቀባው ቡድኑን ሊሸኙ ለሚመጡ ባለሥልጣናት ክብር ነበር። ባለሥልጣናቱ ቀሩ፣ ቀለሙ ብቻ መጣ። በጣቷ ጀርባ ዳሰሰችው፤ ደርቋል። ከፍ አድርጋ ደረቷ ትክክል ስትነካው ግን ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የኢትዮጵያ ቡድን አሰልጣኝ የሆነችውን የሰበታ ልጅ፣ ውባንቺን ነው። ውባንቺ የልምምድ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ጠጅቱ ሐዘን ነበረባት?» አለች በቀለች።

ውባንቺ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«ነበረባት። እሷ ግን አታውቅም፤ የምናውቀው እኛ ኃላፊዎቹ ነን። ወንድሟ ያደታ ቡራዩ ላይ በሰልፉ መሀል በጥይት ተመቶ ሞተ። ቀብሩም አልፏል። ቤተሰቡ አደራ ስላለን ከጨዋታው በኋላ ይነገራት ተባባልን። የተጫዋቾቹን ስልክም የሰበሰብነው ለዚሁ ነው፤ ለትኩረት ነው ብለን።»

«እና እሷ ልምምድ ትሠራ ነበር?»

«እየሳቀች! ትናንት አንድም ኳስ አላለፋትም። እኔ ነኝ ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግንቡ ያዞርኩት። አሰልጣኝ በረኛዋ ጥሩ ስትይዝ ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሁለተኛዋ ሄመን ናት፤ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ፣ የጠጅቱ የመኝታ ክፍል ጓደኛ።

«አሁን ተሰላፊዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው» አለቻት በቀለች።

«ሁሉም በዚያ ዓይን ነው የሚያየኝ።» ሄመን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አዎ፣ ቦታዋን ተመኝቻለሁ። ተጠባባቂ ሆኖ ያልተመኘ ማን አለ? እኔ ግን ጉልበቷን ትንሽ ያዝ እንዲያደርጋት ነበር የተመኘሁት። ትንሽ! ይሄን አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

«ትናንት ማታ እንዴት ነበረች?»

«ከእራት በኋላ ከአኪኒ ጋር ቧንቧው ጋ ቆመው ነበር። ስትገባ አላናገረችኝም። መብራት ስለጠፋ ፊቷን አላየሁትም። ነጠላዋን አውጥታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ለጸሎት መስሎኝ ተኛሁ።»

አኪኒን ያገኘቻት ከውጭ ተቆልፎባት ነው። ረጅም ናት፤ ጉልበቶቿን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በቀለች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ አነጋገረቻት።

«ትናንት ተጣልታችኋል?»

«በየቀኑ ነው የምንጣላው። ስንጣላ አሰልጣኞቻችን ደስ ይላቸዋል» አለች አኪኒ። «ማታ ማታ ግን ቧንቧው ጋ እናወራ ነበር። ጓንት የተቀያየርነውም እዚያ ነው። የኔ ሰማያዊ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ ይፈልጉት።»

የሟቿን ሻንጣ እስከዚያ ሰዓት የፈተሸ አልነበረም። በቀለች ሄመንን ላከች፤ ሰማያዊው ጓንት በካልሲ ተጠቅልሎ ተገኘ።

«ማታ ምን አልሻት?»

«ስለ ወንድምሽ በጣም አዝናለሁ አልኳት። እኛ ስልካችን አልተወሰደም፤ ሰው የተገደለውን ልጅ ፎቶ ሲቀባበለው አየሁት። ከዚያ በፊት ጠጅቱ የወንድሟን ፎቶ አሳይታኝ ስለነበር መልኩን አውቀዋለሁ። የምታውቅ መስሎኝ እኮ ነው! እንዲህ እያዘነች እንዴት ትስቃለች፣ ምን ዓይነት ጠንካራ ልጅ ናት ብዬ ነበር።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ፎቶውን አሳዪኝ አለች። ብዙ አየችው። ከዚያ... አመሰገነችኝ።» አኪኒ ቀና አለች። «ጥፋት ነው የሠራሁት?»

«እዚህ አገር መርዶ ይደበቃል፤ ሰዓት ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል። አንቺ ያንን አታውቂም። አልዋሸሽም፣ ልጄ። ጥፋትሽ አይደለም።»

በዚህ መሀል ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። መንገዱ ተከፍቷል። አቶ አበራ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ የፌዴራሎቹ መኪና እየመጣ ነው! ይፈርሙልኝ።»

«እፈርማለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰው ምግብ ቤት ይሰብስቡልኝ።»

ሁለቱ ቡድኖች በለመዱት አኳኋን በግራና በቀኝ ተቀመጡ። ገመዱ እዚያ ባይኖርም ያለ ይመስል ነበር። በቀለች መሀል ላይ ቆማ ከሄመን ነጠላ ተቀበለች።

«ይህን ለእንግዶቻችን ስል ነው የማሳየው» አለችና ነጠላውን ለበሰች። «በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ነው። ሰው የሞተበት ግን...» ነጠላውን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አወጣችው። ከኢትዮጵያ በኩል አንዲት ተጫዋች አፏን በእጇ ያዘች።

«ጠጅቱ ማጅራቷን ተመታለች። ደሙ መኖር የነበረበት አንገቷ ዘንድ ባለው ጨርቅ ላይ ነው። እዚያ ጠብታ የለም። ያለው ጥለቱ ላይ፣ ጉልበቷ አካባቢ ነው። ስለዚህ ስትወድቅ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር ማለት ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የሞተችው። መርዶዋን አውቃለች። ከሞተች በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ጥለቱን አቃንቶ፣ መልሶ ቋጥሮላታል፤ ዓይኗንም ከድኖላታል።»

«ይቺ ናት!» አለ አቶ አበራ ወደ አኪኒ እየጠቆመ። «የነገረቻት እሷ ናት!»

«የነገረቻትስ እሷ ናት። ነገር ግን አኪኒ የዞረ ጥለት ምን እንደሚል የሰማችው አሁን ነው። የማታነበውን ነገር እንዴት ትሰርዛለች? ነጠላውን ያቃናው የኛ ሰው ነው፤ ልጅቷ እንደማታውቅ ሆና እንድትቀበር የፈለገ ሰው።»

ውባንቺና ሄመን ተያዩ።

«እናንተም አይደላችሁም» አለች በቀለች። «ጉድጓዱ ዘንድ ደርሶ መመለስ የሚቻለው በበሩ ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ከአንድ ኪስ አልወጣም። ይህን የነገሩኝ ባለ ኪሱ ራሳቸው ናቸው።»

አቶ አበራ ወረቀቱን አጠፈው።

«አሁን ራሴን ጠየቅኩ፤ በር እያለ ልጅቷ ለምን ግንብ ወጣች? በሩን ስለሞከረች ነው። መዳፎቿ አረንጓዴ ናቸው፤ ያልደረቀውን ቀለም በሁለት እጇ ደብድባዋለች። ታዲያ የእጇ አሻራ በሩ ላይ የት አለ? የለም። ትናንት የተቀባው በር ሌላው ሁሉ ደርቆ፣ ሰው በሚያንኳኳበት ቁመት ላይ ብቻ እርጥብ ነው። አንድ ሰው ዛሬ ደግሞ ቀብቶታል። ቀለም ቀቢውም እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ ነው በር ላይ የጨበጠኝ። ዝንብ ስታልፍ የሚሰማ ሰው ያን ሁሉ ድብደባ አልሰማሁም አለኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ የአቶ አበራን እጅ አየ። እሱም አብሮ አየው።

«ብከፍትላት ትሄድ ነበር!» አለ በመጨረሻ።

«አዎ። ወደ እናቷ።»

«ተኩስ አለ፣ መንገድ የለም... ለራሷ ብዬ ነው።»

«ለራሷ?»

«ለጨዋታውም።» ድምፁ ወረደ። «ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩን ትደበድባለች። ነይ ተኚ፣ ከነገ ወዲያ ራሴ እወስድሻለሁ አልኳት። ወደ ክፍሏ የሄደች መስሎኝ ተኛሁ። ከዚያ የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ። ግንቡን እንደምትዘልና ማዶው የመሠረት ጉድጓድ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። ሳላስብ ቀረሁ። ደርሼ ሳያት... ሰው ቢጠይቅ ምን ልበል? በሩን የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

«ስትደርስባት ትተነፍስ ነበር?» ብላ ጮኸች ውባንቺ።

አቶ አበራ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ፣ «ጥለቱን ሳዞረው ሰውነቷ ይሞቅ ነበር» አለ።

«ሰው ለመጥራት ጊዜ ነበረዎት» አለች በቀለች። «በዚያ ጊዜ በር ቀቡበት።»

ለአኪኒ የመጣው መኪና አቶ አበራን ይዞ ሄደ። ጨዋታው ተላለፈ፤ ምክንያቱ «በጸጥታ ችግር» ተብሎ ተነገረ። የትኛው ጸጥታ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ በቀለች፣ ውባንቺና ሄመን ቡራዩ ገቡ። አኪኒም ካልሄድኩ ብላ አብራ መጣች፤ ነጠላ ያዋሰቻት፣ ጥለቱንም አንገቷ ላይ ያስተካከለችላት ሄመን ናት። የያደታ የለቅሶ ድንኳን ገና አልፈረሰም። እናቱ ከድንኳኑ ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የሚገቡትን ሴቶች የተዘቀዘቀ ነጠላ ሲያዩ ለልጃቸው ለቅሶ የመጡ መሰላቸው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቼ። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ... ያደታዬን ብላችሁ መጣችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።» ውባንቺን ለዩዋት፤ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ ብልጭ አለ። «አንቺ! እሷን ለማን ትተሻት መጣሽ? አልሰማችም አይደል? አደራዬን ጠብቃችኋል አይደል? ትጫወት ብዬ እኮ ነው። ትጫወትና ትምጣ፣ ያኔ አብረን እናለቅሳለን።»

ውባንቺ የነጠላዋን ጥለት ጨበጠች። ቀድሞውኑ ዞሯል፤ ከዚህ ወዲያ የሚዞርበት የለም። አንድ ሰው አፉን መክፈት ነበረበት።

በቀለች ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበርክካ የእናትየውን ሁለት እጆች ያዘች።

«ሰምታለች፣ እማማ» አለች። «ሰምታ ወደ እርስዎ እየመጣች ነበር።»