እትዬ የወደቁበት ዓመት

ሰባት መቀመጫ ያላት አሮጌ ሚኒቫን በዚያ ቤት እንደ አንድ ትልቅ ሰው ትከበር ነበር። «እትዬ» ብለው ስም ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ አምስት ሆነው ከኋላ ተጣበው በሚሄዱበት ዘመን፣ ዳገት ላይ ስታቃስት ሰምተው። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቡ ማንም «አንቺ» ብሏት አያውቅም። ጠዋት ሞተሯ እምቢ ካለ «እትዬ ዛሬ አልተነሡም» ይባላል፤ ዘይት ካንጠባጠበች «እትዬን አሟቸዋል።»

ልጆቹ አድገው በየተራ ወጡ። አንዷ በትዳር፣ አንዱ በሥራ፣ ሁለቱ ባሕር ተሻግረው። እናት ዐረፉ። የቀሩት አባትና የመጨረሻዋ ልጅ ብቻ ሆኑ። ሰባት መቀመጫ ለሁለት ሰው።

ልጅቷ ጥርስ ሠሪ ናት። በአንድ ክሊኒክ ጓዳ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ሰዎቹ በዚያ ጥርስ ፈገግ ሲሉ ግን አይታ አታውቅም። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታዋን ለብሳ እትዬ ሥር ትገባለች፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው አባቷ በርጩማ ላይ ሆነው ያዝዟታል።

«ቀስ፣ ቀስ! ጥርስ እየነቀልሽ አይደለም።»

«እኔ እሠራለሁ እንጂ አልነቅልም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እንደ ሠሪ ያዢው!»

ዝገቱን ትፍቃለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ የተተረተረውን መቀመጫ ትሰፋለች። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አሽሽታ፣ አባቷ እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡበት ቦታ አበጅታለች። በሌላ መኪና መሄድ አይሆንላቸውም። ጎረቤት «ሽጣችሁ ብትገላገሏት» ሲል አባትና ልጅ እኩል ይኮሳተራሉ።

የተሽከርካሪ መርማሪውን ያገኘችው ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ በሄደችበት ጣቢያ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ከመኪናዋ በታች ባለው የመመርመሪያ ጉድጓድ ወርዶ ከሥር በባትሪ ሲያይ ቆየና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ይህቺን መኪና የሚይዛት ማን ነው?»

«እኔ።»

«ማለቴ፣ የሚሠራት።»

«እኔም ማለቴ እሱን ነው።»

ያኔ ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ የጸዳ ሆድ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርሰው ደነገጠ። «የመኪናዋን ማለቴ ነው።»

«እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ተብለው አያውቁም።»

«እትዬ ማን ናቸው?»

በሩን መታ መታ አደረገችው። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት፤ ለካ ከሳቀች ሰንብታለች።

ያም ሆኖ አላሳለፋትም። የፍሬኑ ጎማ ተሰነጣጥቆ ነበር። «አዝናለሁ። ቀይረው በሳምንቱ ይምጡ።» ቀይራ መጣች። ቦሎውን ራሱ መስታወቱ ላይ ለጠፈላት፤ ጠርዞቹን በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። በዚያው ተለያዩ።

በሁለተኛው ዓመት ገና ከሩቅ አይቷት «እትዬ እንደምን ከረሙ?» አላት። ያን ቀን ትንሽ አወሩ። በኪራይ ክፍል ብቻውን እንደሚኖር ነገራት።

«በቀን አርባ መኪና አያለሁ። ባለቤቶቻቸውን የማውቀው ግን በጫማቸው ነው፤ ከጉድጓድ ውስጥ ሌላ አይታየኝም። የእርስዎ ጫማ ግራሶ አለበት።»

እትዬ ምርመራውን በአንድ ጊዜ አለፉ። ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት። ያን ዓመት ሁለት ጊዜ በጣቢያው በር አልፋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እግሯ ፈጠነ። ምን ብላ ትገባለች? መኪና ሳይዝ የመጣ ሰው እዚያ ምን ጉዳይ አለው?

ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ ወር ሙሉ እትዬን ስታጥብ፣ ቡሎን ስታጠብቅ ከረመች። አባቷ አይተው አይተው «ዘንድሮ የምታስመረምሪው እትዬን ነው ወይስ ራስሽን?» አሏት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

መርማሪው ከፊት እስከ ኋላ ፈተሸ። ምንም የለም። እንደገና ፈተሸ። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። እሱ ግን እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። በመጨረሻ ቀና ሳይል ጻፈ።

«የመሪው ማያያዣ ላልቷል፣ በቀኝ በኩል። በሳምንቱ ይምጡ። አሁን ቀስ ብለው ቤት ያስገቧት፤ ከዚያ ወዲያ በሳምንቱ ታይታ እስክታልፍ እንዳይነዷት።»

አባቷ ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ እኮ፤ ደህና ነበር።» ፈታችው፤ እሷም ምንም አላገኘችበትም። «መርማሪ ካየ አይቷል» አሉ አባቷ፤ እሷም ሰውየውን ስለምታምነው በአዲስ ቀየረችው።

በዚያ እሑድ መንገድ ነበረባቸው። የአባቷ ታናሽ እህት በግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ታማ ተኝታለች፤ «ወንድሜን አንዴ ልየው» ብላ ልካለች። አባት ደውለው «እትዬ ሲያልፉ እመጣለሁ፣ ሳምንት ታገሺኝ» አሏት።

ሐሙስ ዐረፈች። አባት መርዶውን ሰሙ። በምርኩዛቸው ወጥተው ግቢ ውስጥ ከቆመችው እትዬ የፊት ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ብትለምናቸውም እስኪመሽ አልወረዱም።

በሳምንቱ ጣቢያ ስትደርስ መርማሪው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቃት። ማያያዣውን ዞር ብሎም አላየው።

«ደህና ሰነበቱ?»

«አክስቴ ዐረፈች። አባቴ ሳያያት ቀረ። መሪው ባይበላሽ እሑድ እንሄድ ነበር።» ከዚያ ከልቧ «ለማንኛውም አይተው ስለነገሩን እግዜር ይስጥልኝ፤ መንገድ ላይ እናልቅ ነበር» አለችው።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ፈርሞ፣ ቀና ሳይል ሰጣት። ያኮረፈ መስሏት ከፍቷት ሄደች።

ቅዳሜ እትዬ ሥር ተኝታ ሳለ አጠገቧ ሁለት የወንድ ጫማዎች መጥተው ቆሙ። ከላይ ድምፁን ሰማች።

«አባባ፣ መርማሪው ነኝ። ቤታችሁን ከመዝገቡ አይቼ ነው የመጣሁት። መሪው ምንም አልነበረበትም።»



«ታዲያ ለምን?» አሉ አባት።

«ልጅዎ በሳምንቱ ተመልሳ እንድትመጣ ብዬ ነው። ዓመቱ… ረዘመብኝ።»

ከመኪናው ሥር ወጣች። ፊቷ በግራሶ ተለቅልቋል። ጮክ ብላ ልትሰድበው አስባ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን ቀጭን ነበር።

«አንድ ቃል ብትለኝ እኮ እመጣ ነበር። ያለ መኪና። በእግሬ እመጣ ነበር።»

እሱ መሬት መሬት ያያል። አባት ምርኩዛቸውን አሸት አሸት አድርገው «ትነዳለህ?» አሉት።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ነገ እህቴ መቃብር ዘንድ ትወስደኛለህ።»

ሄዱ። እሷ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች፣ ከሁለቱም ርቃ። ግማሽ ቀን ሙሉ «እዚህ ጋ ታጠፍ» ከሚለው የአባቷ ድምፅ በቀር የተናገረ የለም። የምታየው የመርማሪውን ማጅራት ብቻ ነው፤ ልትመታውም ልትዳስሰውም ያምራታል። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ አባት መንበርከክ አቃታቸው። ክብደታቸውን በሙሉ በእሱ ትከሻ ላይ ጥለው ቆሙና «ዘገየሁብሽ» አሉ። በማን ጥፋት እንደሆነ አልተናገሩም። እሳቸው ሳያለቅሱ እሱ አለቀሰ።

ሲመለሱ በሩ ላይ ቁልፉን ሰጣት። «ለአለቃዬ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮኛል። ረቡዕ እሄዳለሁ።»

«አትሂድ» ልትለው ፈለገች፤ ንዴቷም ገና አልበረደም። ሁለቱ ተያይዘው አላልፍ አሉ። «በሰላም ግባ» ብቻ አለችው።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ መርማሪ፣ ማስቲካ እያኘከ፣ በአምስት ደቂቃ አሳለፋት። ጫማዋንም አላየ፣ ፊቷንም አላየ።

አባቷ እየደከሙ ሄዱ። አንድ ቅዳሜ በርጩማቸው ላይ ሆነው «ያ ልጅ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ካወቅሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ተመልሳ እትዬ ሥር ገባች። ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ አባቷ ዐረፉ።

ወንድምና እህቶቿ መጡ፤ ሳምንት ተቀመጡ፤ ሄዱ። ስላላለቀሰች «ጠንካራ ናት» አሏት። ቅዳሜ እንደ ልማዷ እትዬ ሥር ገባች። «ቀስ፣ ቀስ!» የሚላት የለም። ቡሎኑን ይዛ፣ ሳትፈታም ሳታጠብቅም፣ እስከ ቀትር ተኛች።

የምርመራው ቀን ደረሰ። የለመደችው ጣቢያ ከቤቷ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። እሷ ግን መሪውን በተቃራኒው አዞረች። ጠዋቱን ሙሉ ነድታ፣ እሱ ተዛውሮባታል ከተባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ደረሰች። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ከቢሮው ወጣ፤ እትዬን ሲያይ ባለበት ቀረ። ጠጉሩ በጆሮ ግንዱ በኩል ሸብቷል። የፊተኛውን ወንበር አየ። ባዶ ነው።

«መቼ?» አላት።

«ከአራት ወር በፊት።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ከጎኑ ባለው ጉድጓድ የምትሠራውን ወፍራም ባልደረባውን ጠርቶ ወረቀቱን ሰጣት። «ይህቺን አንቺ እዪልኝ። እኔ ልመረምራት አልችልም።»

«ምነው? ምን ሆነች?»

«ባለቤቷን እወዳታለሁ።» ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ።

ሴትየዋ ጥርስ ሠሪዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እኔ ግን አልወዳትም፤ በደንብ ነው የማያት» ብላ ወደ ጉድጓዱ ወረደች።

ሁለቱ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለዚያ ማክሰኞ ልትነግረው ጀመረች። አባቷ ውኃ እንደ ጠየቋት፣ ይዛላቸው ስትመለስ እንዳለፉ። እዚያ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ። በቀብሩ ዕለት እምቢ ያለው ዕንባ መጣ፤ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። እሱ «ተይ፣ በቃ» አላላትም። እጁን በመሃላቸው አግዳሚው ላይ አኖረ። እሷ ያዘችው።

«አሥራ ሰባት!» ተብሎ ተጠራ። ቁጥሩ የእሷ ነው።

«አሥራ ሰባት! የሚኒቫኗ ባለቤት!»

ማንም አልተነሣም። ሴትየዋ ውጤቱን ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። አየቻቸው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሥራ ስምንት» አለች።