የኪታኗ ጭምብል

«ሸማኔ፣ ዕቃውን ሳታረጋግጥ ኮፍያህን እንዳታወልቅ» አለች አለቃው ሳሮን በጆሮ ማዳመጫው።

ሸማኔ የስለላ ስሙ ነው። ኤፍሬም የሚያውቀው ዮአብ ብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ማንም አይጠራውም።

አዲሰን ከተማ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ጀርባ። ኤፍሬም ቫኑን ፓርክ አድርጎ ወረደና ካርቶኑን አቀበለው።

«እየው አበልጄ፣ ፊት እኮ ነው! ካርጎ ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አሳልፌ አላውቅም። ማለቴ፣ የሰው ፊት!»

ከጥጡ ውስጥ የብር ጭምብል ወጣ። በሰሜን ቻይና ነግሠው የነበሩት ኪታኖች የተከበረ ሰው ሲሞትባቸው ፊቱን በዚህ ይሸፍኑት ነበር። መንግሥታቸው ከጠፋ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ መቃብር ዘራፊ ግን ለማንም አይራራም። ዮአብ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። የማሰሪያው ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እውነተኛ ነው። ዓይኖቿን የጨፈነች ወጣት ሴት።

ጭምብሉን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ማዶ ጥቁር መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። «የምንፈልገው እሱን ነው፤ ኤፍሬምን አንነካውም» ብላ ሳሮን ምላለታለች። ይህን ተማምኖ ነው ጋርላንድ ከተማ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የኤፍሬምን ልጅ ሊዮልን ክርስትና ያነሳው። አበልጁን ማን ይጠረጥራል? ሐሳቡ የራሱ ነበር። ያኔ እንደ ጉብዝና ቆጥሮት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለው!

ኮፍያውን አወለቀ።

መኪኖች ከግራ ከቀኝ መጡ።

የከበቡት ግን ኤፍሬምን ብቻ ነው። የገዢው መኪና በመሃላቸው ሾልኮ ወጣ።

«ሳሮን፣ ሰውዬው እየሄደ ነው!»

«እሱ ከጅምሩም የኛ ነው። የሚታሰር ሰው ያስፈልገናል። ዝም በል።»

ኤፍሬምን ቫኑ ላይ አስደግፈው በካቴና አሰሩት። ለማስመሰል ዮአብንም ያዙት።

«ልቀቁት! እሱ ምንም አያውቅም፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ጮኸ ኤፍሬም። ከዚያ ወደ ዮአብ ዞረ። «አይዞህ አበልጄ፣ አንተን አይነኩህም። ሊዮልን አደራ!»

ዮአብ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እሺ» አለ።

እሺ! ከዚህ የከፋ ውሸት ዋሽቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሳሮን አዲስ ስም የተጻፈበት ፓስፖርት ሰጠችው። «ጭምብሏ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ግሩም ሥራ ነው» አለችው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ስልኩን ሲያስረክባት እጇ ላይ ጠራ። የኤፍሬም ሚስት ጸጋ ናት።

«ሕፃኑ የሚያለቅስ ይሆናል» አለ።

ሳሮን ስልኩን አጠፋችው። እሱም ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ ሰልፍ ያዘ።